ልደት ወለተ ማንያዘዋል ውኃን በብሪስቶል ላይ ያቆመችበት ዜና

ይትባረክ አምላከ እስራኤል፣ ለባሕር አጥር የሠራ፣ ለጎርፍም መሄጃ የቀደደ! ማንያዘዋል ከነቤተሰቡ ካራቫን ከሚባለው የስደተኛ መጠለያ ወጥቶ በፔታ ቲክቫ ከተማ ፎቅ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ መምህርት ሊያት በስድስተኛ ክፍል ላይ በነገሠችበት ዘመን፣ ወርኃ ዝናም በተቃረበ ጊዜ፣ የስድስት ቀለማት እመቤት፣ የማንያዘዋል የበኩር ልጅ ልደት የፈጸመችውን ገድል እንጽፋለን።

በዚያ ሰሞን ከመምህርት ሊያት እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦ «ስሙ! ከውኃ ስለ መጠንቀቅና ለአደጋ ጊዜ ስለ መዘጋጀት የሚያስተምር ሥዕል በብሪስቶል ሠርታችሁ ዓርብ ጠዋት አምጡ። የበለጠው በትምህርት ቤቱ በር ይሰቀላል፤ የሠሪውም ስም በትልቁ ይጻፍበታል!» ልደትም ይህን ሰምታ ልቧ ዘለለ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በክፍል ሥራ ሁሉ ድርሻዋ የሌሎችን ወረቀት መከርከም ነበርና፣ ስሟም በግድግዳ ላይ አንዴ እንኳ ወጥቶ አያውቅምና፣ ነገሩ ሲያንገበግባት ኖሯል።

አባቷ ማንያዘዋልም፣ በሰጉላ የፋብሪካ ሰፈር የሌሊት የቀን ፈረቃ የማይበግረው፣ ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ብሪስቶል የተባለውን ደንዳና ነጭ ወረቀት ገዝቶ፣ በአውቶቡሱ ግፊያ መካከል እንደ ኦሪት መጽሐፍ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ገባ። ልደትም በሳሎኑ ወለል ዘርግታ ባሏት ስድስት ቀለሞች ወንዝ ሣለች፤ በዳሩም ሊዋኝ ልብሱን ያወለቀ ልጅ አቆመች።

በዚህ ጊዜ እንደ ወጉ ቤተኞች ሊጠይቁ መጡ፦ የአንገረብን ወንዝ በሙላቱ የተሻገሩት ባለ ነጭ ጢም አባ ታከለ፣ ምክራቸው የማይነጥፈው እማማ አልጋነሽ፣ ያለ ዱላቸው ደጅ የማይወጡት አያ ዳኛው። ከበውም ቆሙ፤ በየተራም አወጁ። አባ ታከለ፦ «ሰማዩ ጠራ ብላችሁ ወንዝ አትመኑ! ላይ አገር ዘንቦ ታች አገር ይወስዳል፤ ይጻፍ!» እማማ አልጋነሽ፦ «ለክፉ ቀን ውኃ በጀሪካን ይቀመጥ፣ ይከደንም፤ ይጻፍ!» አያ ዳኛው፦ «ዋና የማያውቅ አድናለሁ ብሎ አይግባ፣ ዱላ ያቀብል እንጂ፤ ይኸም ይጻፍ!» ማንያዘዋልም የቤቱን ሕግ አጸና፦ «በእኔ ቤት የሽማግሌ ቃል መሬት አይወድቅም! ያላ፣ በይ ልደትዬ፣ ጻፊ!»

ልደትም በዕብራይስጥ ጻፈች፤ ሰማዩ ሞላ፣ ዳርቻው ሞላ፣ ምክሩ ግን ገና አላባራም ነበርና፣ ያ ምስኪን ልጅ ወንዝ ሳይነካው በፊደል ሰጠመ። ያን ጊዜ የስድስት ቀለማት እመቤት አለቀሰች፤ ይህንም የታሪኩ ጸሐፊ አይሸሽግም። ሽማግሌን ዝም በሉ ማለት ነውር ነው፤ ሌላ ብሪስቶል እንዳይገዛም ሱቁ ተዘግቷል።

ዓይኗን ጠርጋ ቀና ብትል ግን፣ ሦስቱም ዱላና ጣታቸውን ወደ ወንዙ ዘርግተው፣ ማንንም የማያሳልፉ ሆነው ቆመዋል። ወዲያው ብሪስቶሉን ወደ ንጹሑ ጀርባው ገለበጠችና እንደ ቆሙ ሣለቻቸው፦ አባ ታከለ ወደ ተራራው ዳመና ሲያመለክቱ፣ እማማ አልጋነሽ ጀሪካን ሲከድኑ፣ አያ ዳኛው በዱላቸው ልጁን ከውኃው ሲመልሱ። ከበላዩም እንዲህ የሚል አዋጅ ጻፈች፦ «ትልቅ ሰው ሳያይህ ውኃ አትግባ!» ሽማግሌዎቹም በሥዕሉ ላይ መልካቸውን ሲፈልጉ ምክሩን ረሱት፤ አባ ታከለ ብቻ ጢማቸው እንዲረዝም አዘዙ፣ ረዘመም።

ዓርብም መምህርት ሊያት ሥዕሉን አይታ «ይሰቀል!» ብላ አወጀች፤ የልደትም ስም በትልቁ ተጻፈበት።

ሰንበት አልፎ ትምህርት በሚጀመርበት እሑድ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ ማንያዘዋልን አስከትለው በትምህርት ቤቱ በር ተሰለፉ። ዘበኛው ሞሼም የማን ወገን እንደ ሆኑ ቢጠይቅ፣ በአባታቸው ስም እንጂ በሌላ ተጠርተው የማያውቁት አባ ታከለ ደረታቸውን ነፍተው አወጁ፦ «የልደት ነን!»

ሽማግሌ በስሟ የተጠራላት፣ ጎርፍን በቀለም የገታች ልደት ወለተ ማንያዘዋል፣ ዕድሜዋ እንደ ዮርዳኖስ ይርዘም፤ አሜን።