ነነዌን የጾመው ዓሣ

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ሰማዩን እንተወውና፣ እኔን የሚያስፈራኝ አደራ ተቀባዩ ነው። ሰነፍ ከሆነ ግድ የለም፤ ሰው ያግዘዋል። ታታሪና አማኝ ሲሆን ግን አንድዬ ይድረስላችሁ! አደራችሁን የራሱን ምግባር ጨማምሮበት ነው የሚመልስላችሁ።

እዚህ በሰው አገር፣ ሄልስፊር በሚባል ሰፈር የምናጸዳው ቢሮ መግቢያ ላይ የጨው ውሃ የተሞላ የመስታወት ገንዳ አለ። ውስጡ አንድ ብርቱካንማ ዓሣ ብቻውን ይኖራል። በውቅያኖስ መሃል ጠብ ጠብ ካሉ ጥቂት ደሴቶች ዳርቻ በቀር በዓለም የትም አይገኝም ይላል የተለጠፈው ጽሑፍ። አገሩ መራቁ ያሳዘነው ሁሉ ያጎርሰዋል። ሠራተኛው ሲገባ ቆንጠር፣ እንግዳው ሲወጣ ቆንጠር። በዚህ የተነሳ ሆዱ ተነፍቶ፣ ምግብ እምቢ ብሎ ጥግ ይዞ ነበር።

አለቃችን ኢንግሪድ ለሦስት ቀን ወደ ተራራ ጎጆዋ ስትሄድ፣ ዓሣውን ምግቡ ከሆነው አንድ ከረጢት ሽሪምፕ ጋር ለእትዬ አስካለ አደራ ሰጠች። እትዬ አስካለ አብረውኝ የሚያጸዱ፣ ስድስት ዓመት በጊዜያዊ ውል የቆዩ ሴት ናቸው። ቋሚ ቅጥራቸው የሚወሰነው በዚያው ሳምንት ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ማቀዝቀዣውን ስከፍት ከረጢቱ እንደታሸገ ነው። ክው አልኩ።

«እትዬ፣ ዓሣው አልበላም እንዴ?»

«ናይ! አልበላም። ነነዌ አይደለም እንዴ?» አሉኝ መወልወያቸውን ሳያስቀምጡ። «በነነዌ እንኳን ሰዉ ከብቱም ጾሟል። ደግሞስ ዮናስን ሦስት ቀን በሆዱ የያዘው የማን ዘር መሰለህ?»

«ከሞተ'ኮ ፋስት ስቲሊንጉ፣ ቋሚ ቅጥሩ ቀረብዎት!»

«ጾም ሰው ገድሎ አያውቅም። ቆንጥሮ ሊያጎርስ የመጣውንም ሁሉ በመወልወያዬ መልሼዋለሁ። ነገ ጠዋት ይገድፋል» ብለው ከረጢቱን ከእጄ ቀሙኝ። ቋሚ ሥራቸው በአንድ ዓሣ ሆድ ሲንጠለጠል ሴትዮዋ ቅንጣት አልደነገጡም።

ሐሙስ ጠዋት ኢንግሪድ ካፖርቷን ሳታወልቅ ገንዳው ጋ ደረሰች። ሬሳ ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው፣ ያ ጥግ የያዘ ዓሣ ሽሪምፑን ከጣቷ ላይ መንጭቆ ወስዷል! ሆዱም ጎድሏል። ኢንግሪድ አፏን ይዛ ቀረች።

«ምን አድርገሽለት ነው?»

እትዬ አስካለ ውሸት አይወጣቸውም። «እንደ ሃይማኖታችን ነው የያዝኩት» አሏት።

ኢንግሪድ ዝርዝሩን አልጠየቀችም፤ አቀፈቻቸው። ቋሚ ቅጥሩ የዚያኑ ዕለት ተፈረመ። በሥራ ዝርዝራቸው ላይም፣ ከእንግዲህ ዓሣውን ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳያበላው የሚል ተጨመረ።

እልል ልል የከፈትኩት አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ሁዳዴ ሊገባ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው። እሱ ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን ነው።