አድሚራሉና እጅግ የጠራው ባሕራቸው

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢታይ ምን ይወጣው ይሆን? ከአንዱ ልጅ ይወጣል፤ ከአንዱ ቤት፤ ከሌላው፣ ዕድሉ ከቀናው፣ "ደግ ሰው ነበር" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር። ክቡር አድሚራልን ግን ብትጨምቋቸው የሚወጣው የጨው ውኃ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። አንዱ ርግብ ያረባል፣ አንዱ አሮጌ ሬዲዮ ይፈታታል፣ አንዱ በረንዳውን በጽጌረዳ አጥሮ ሰው አያሳልፍም። ምልክታቸው ግን አንድ ነው። "አመሰግናለሁ" ማለት የማይችል ነገር ይወዱና የቀረውን ቤተሰብ የዚያ ነገር አሽከር አድርገው ይሾሙታል። ሹመቱን የለመነ የለም፤ መልቀቂያ ቢያስገቡም ተቀባይ የለም።

አድሚራሉ ባሕር አይተው አያውቁም። ዋናም አይችሉም። ዕድሜ ልካቸውን መድኃኒት ቤት ቆመው ጠብታ ሲለኩ፣ ዱቄት ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሌላው ጡረተኛ ወገቡን ሲያሳርፍ እሳቸው ሳሎናቸው ውስጥ አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አስተከሉ፤ ጨው በጠበጡ፤ ድንጋይ ደረደሩ፤ በድንጋዩ ላይ ኮራል ተከሉ፤ ዓሣም ለቀቁበት። የባሕር ኃይል አዛዥ የሚያሰኘውን ማዕረግ የሰጣቸው ሠፈሩ ነው። ለማፌዝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ተገቢ ዕድገት ተቀበሉት።

የዚህን ሁሉ ግፍ ልክ የሚያውቁት ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሲያስተምሩ ኖረው፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ታናሽ ወንድማቸው ቤት ገብተዋል። ሠፈሩ መምህሩ ይላቸዋል። መምህሩ ወደዚያ ቤት ይዘው የመጡት መጻሕፍታቸውንና በመስኮት ብርሃን የማንበብ ልማዳቸውን ነበር። መጻሕፍቱ ቦታ አገኙ። ልማዱ ግን ገና ሻንጣቸው ሳይፈታ ተወረሰ።

"ጋሼ፣ መጋረጃውን ዝጋልኝ" አሉ አድሚራሉ።

"ምን አደረገህ?"

"ፀሐይዋ አልተለካችማ።"

መምህሩ ስለ ፀሐይ ብዙ አንብበዋል። ያልተለካች ተብላ ስትከሰስ ሲሰሙ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። መጋረጃው ተዘጋ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሩ የሚያነቡት መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሆነ፤ አንገታቸውን እንደ ሽመላ ወደ አምፖሉ አስግገው።

ኮራል፣ አድሚራሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እንደሚሰብኩት፣ ድንጋይ ይመስላል፣ አበባም ይመስላል፤ እንስሳ ነው። በገላው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተክሎች በተከራይነት ተቀምጠዋል። ብርሃን ይመገቡና ኪራዩን በስኳር ይከፍሉታል። "ስለዚህ ብርሃን ምግብ ነው" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ሲያንሰው ይራባል፤ በድንገት ሲበዛበት ደግሞ ተከራዮቹን አባሮ ነጭ አጥንቱ ይቀራል። ለዚህም ነው የገንዳው መብራት እንደ ሹም ቀስ ብሎ የሚነሣው፤ ጠዋት ደብዘዝ፣ ቀትር ላይ ቦግ፣ ሲመሽ ሰማያዊ። በዚያ በሰማያዊው ሰዓት ሳሎን የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከወንዝ የተጎተተ ሬሳ ይመስላል። አንዲት የሩቅ ዘመድ ለጥየቃ መጥተው ፊታቸውን በጓዳው መስታወት ካዩ በኋላ ከዚያው ወደ ሐኪም ሄደዋል።

የአድሚራሉ ባለቤት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ደንበኞቻቸውን የሚለኩት ከሳሎኑ በስተጀርባ ባለች ክፍል ነው። አንድ ቀን ሽቶ የተቀባች ደንበኛ ስትገባ አድሚራሉ እንደ ትራፊክ ፖሊስ መዳፋቸውን ዘርግተው አስቆሟት። ሽቶው በአየር ተጉዞ ውኃው ላይ ያርፋል አሉ። ሴትየዋ በጓሮ ዞራ በማዕድ ቤት በር ገባች፤ ሁለተኛ አልመጣችም። ወለል በሰም አይወለወልም። ፀረ ተባይ አይረጭም፤ ዝንብ ከገባ እንደ ቤተኛ ይኖራል። የእህታቸው ልጅ ስታገባ፣ ዘመድ ሁሉ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ሊነሣ ተሰልፎ ሳለ፣ የአድሚራሉ ስልክ ጮኸ። ከገንዳው ጋር የተያያዘው መለኪያ ነው፤ ውኃው ሞቋል ይላል። ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ወጡ። ፎቶው በእህትየዋ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከመምህሩ ጎን አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ ይታያል።

እንዲህ ያለውን ሰው በምክር መመለስ አይቻልም። "ለክቼ ነው የምናገረው" የምትል ጋሻ አለቻቸው። ሐኪም ደም ግፊታቸው ከፍ ብሏል ሲላቸው፣ መሣሪያው መቼ እንደተስተካከለ ጠየቁ።

ዋና ጠላታቸው ግን ትርፍራፊ ነበር። ዓሣ ይበላል፤ የበላው ይወጣል፤ ያልተበላው ይበሰብሳል፤ ከዚያም ናይትሬትና ፎስፌት የሚባሉ ሁለት ነገሮች ውኃው ውስጥ ይከማቻሉ። ሲበዙ ድንጋዩን አረንጓዴ ዝልግልግ ይወርሰዋል፤ ኮራሉ ይታፈናል። እስከዚህ ድረስ መምህሩም አይከራከሩም። ሰው ግን እውነት ሲያገኝ ማቆሚያዋን አያውቅም። አድሚራሉ "ትንሽ ይሁን" አላሉም፤ "ዜሮ ይሁን" አሉ። ማጣሪያ በማጣሪያ ላይ ተደረበ። ለዓሦቹ በጥፍር ጫፍ የምትያዝ ቁንጥር፣ እሷም ቀን እየዘለለች፣ ትወረወርላቸው ጀመር። በየጊዜው አድሚራሉ በብልቃጥ ውኃ ይቀዳሉ፣ የመለኪያውን ፈሳሽ ያንጠባጥቡበታል፣ ይንጣሉ፣ ወደ ብርሃን ያነሣሉ። ቀለም የለም፤ ዜሮ ማለት ነው። ያን ጊዜ ደረታቸው ይነፋል፤ ውኃው ከእናት እንባ ይልቅ የጠራ ነው ብለው ለቤቱ ያውጃሉ።

ኮራሎቹ ግን ይገረጡ ጀመር። ሐምራዊው ያረጀ ጥርስ መሰለ፤ አረንጓዴው አመድ ለበሰ። አድሚራሉ መብራት በዝቶ ነው ብለው ቀነሱ፤ አልተሻለም። አንሶ ነው ብለው መለሱ፤ ባሰ። በመጨረሻ ተጠርጣሪ አገኙ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። መጋረጃውን ከፍተሃል።"

መምህሩ እሳት ጎረሱ። በሰባ ዓመታቸው ብርሃን ሰርቀሃል ተብለው መከሰሳቸው አንገበገባቸው። "ስማ" አሉ፤ "በዚህ ቤት እኔም ነፍስ አለኝ። አንድ ቀን እንኳ፣ ጋሼ ብርሃኑ በቅቶሃል ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

አድሚራሉ አሰቡ። ከምር አሰቡ። "አንተ እኮ ገርጥተህ አታውቅም" አሉ።

ከዚያ በኋላ መምህሩ ያንን ገንዳ ዓይኔ አያይም ብለው ማሉ። ሳሎኑን ሲያቋርጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንደ ኩርፈኛ ሙሽራ ነበር የሚያልፉት።

ብዙም ሳይቆይ የአድሚራሉ ሐሞት ከረጢት ጠጠር ተገኘበት። ሠፈሩ፣ ሰውየው ሆዳቸው ውስጥም ኮራል አበቀሉ አለ። ቀዶ ጥገና ታዘዘ። ሊገቡ ሲሉ መምህሩን ለብቻቸው ጠሩና ገንዳውን በአደራ እንደሚሰጧቸው ነገሯቸው። ምግቡን መሣሪያ በሰዓቱ ይጥላል፤ መብራቱ በራሱ ይነሣል፣ በራሱ ይተኛል። የሚፈለገው፣ ማንም ምንም እንዳያደርግ መጠበቅ ብቻ ነው።

"ሚስትህ እያለች፣ እህታችን እያለች፣ ለምን ለእኔ?" አሉ መምህሩ።

"እነሱ ይወዱታል፤ የሚወድ ሰው እጁ አያርፍም። አንተ ትጠላዋለህ። ስለዚህ የማምነው አንተን ነው።"

መምህሩ በሕይወታቸው ብዙ ተሰድበዋል፤ በጥላቻቸው ታምነው ግን አያውቁም። እንዲህ ያለ አደራ እንዴት ይመለሳል? ተቀበሉ።

ቀላል ነው የተባለው ቀዶ ጥገና ቀላል ሳይሆን ቀረ። ቁስሉ አመረቀዘ፣ አንጀታቸው ተቆጣ፤ ሐኪሞቹ በአፋቸው ምንም እንዳይገባ ከለከሉ። ባለቤታቸው ሾርባውን እንደያዙ ተመለሱ። ታናሽ እህታቸው የጨመቀችውን ብርቱካን በር ላይ ተቀማች፤ ጠባቂውን ስትረግም እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማ። መምህሩ አልጋው ጎን ተቀምጠው የወንድማቸው ከንፈር በእርጥብ ጥጥ ሲነካ ያያሉ። አድሚራሉ "ውኃ" አሉ። ነርሷ "ገና ነው አባባ" አለቻቸው። መምህሩ ደማቸው ፈላ። በማን ላይ እንደፈላ ግን ለራሳቸውም አልታወቃቸውም፤ ነርሷ ልክ ናት፣ ሐኪሙ ልክ ነው፣ ያ አልጋ ላይ የተኛው ግትርም ቢሆን ለአንዴ እንኳ ጥፋት የለበትም።

ቤት ሲመለሱ እግራቸው ከገንዳው ፊት አቆማቸው። ዓሦቹ መጥተው መስታወቱ ላይ ተሰበሰቡ። አንዲት ቢጫ ዓሣ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ዓሣ አፏን የምትከፍተው ልትተነፍስ እንጂ ልትለምን እንዳልሆነ መምህሩ ያውቃሉ። ዕውቀት ግን አንጀትን አይመክርም። ከዓሦቹ ምግብ ቆርቆሮ ቁንጥር አነሱና ጣሉ። ደግሞ ሌላ ቁንጥር።

"አንቺ እንኳ ብዪ" አሏት።

በማግሥቱ የወንድማቸው ባለቤት ከሳሎን ሲወጡ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ረጥቦ አገኟቸው። "ጠረጴዛ ስወለውል ነው ጋሼ" አሉ፣ ሳይጠየቁ። እህትየዋ ወሬ ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር ደግሞ ሌሎቹን ወደ ጓዳ ልካ ሳሎን ትዘገያለች፤ ስትሰናበት ጣቷ የዓሦቹን ምግብ፣ የተፈጨ ሽሪምፕ፣ ይሸታል። መምህሩ ጠባቂ ናቸው። ጠባቂ ግን ሌባ የሚይዘው የገዛ እጁ ንጹሕ ሲሆን ነው። ሊቆጧቸው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ እንደ ዓሣዋ መልሰው ይዘጉታል። አድሚራሉ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ሾርባ በማንኪያ እስኪፈቀድላቸው፣ ከዚያም ኃይል እስኪያገኙ ብዙ ሰነበቱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለእሳቸው አልደርስ ያለው ማንኪያ ሁሉ ገንዳው ውስጥ ሲገባ ከረመ።

መስታወቱ አረንጓዴ እየለበሰ መጣ። መምህሩ ያን ጊዜ ፈሩ። ሐኪም ያተረፈውን ሰው እኛ ልንገድለው ነው ብለው ተብሰለሰሉ። እተዋለሁ ብለው ወሰኑ፤ እስኪነጋ ጸኑ። ቢጫዋ መጣች።

አድሚራሉ የተመለሱ ዕለት ልብሳቸው ሰፍቷቸው፣ ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ገቡ። አልጋ ተነጥፎላቸው ነበር፤ ዞረውም አላዩት። ቀጥታ ወደ ገንዳው። መስታወቱን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ባለቤታቸው ፈጠን ብለው በመፋቂያው አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ፋቁት።

ከዚያ ማዶ ሐምራዊው ሐምራዊ ነበር። አረንጓዴው እንደ ለጋ ቅጠል ያበራል። ተሰብስበው የከረሙት የኮራሎቹ ጥቃቅን እጆች ሁሉ ተዘርግተው በውኃው ይወዛወዛሉ።

አድሚራሉ ብልቃጥ ጠየቁ። አንድ እጃቸው ሱሪያቸውን እንደያዘ ስለነበር ውኃውን ባለቤታቸው ቀዱ፣ እህታቸው ናጠች፤ ወደ ብርሃን አንሥተው የያዙት መምህሩ ነበሩ። ውኃው ጥቂት ቆየና ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆነ። ዜሮ አልነበረም።

አድሚራሉ ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ርቧቸው ነበር፤ ከዚያ ትርፍራፊ ጥቂቱ ለእነሱም ምግብ ኖሯል" አሉ። "በጽዳት ልገድላቸው ነበር።"

መምህሩ ይህችን ቀን ሲጠብቁ ኖረዋል። ስለ ልክና ከልክ ማለፍ፣ ሲበዛ ማርም እንደሚመር፣ ፀሐይን ስለሚያስከስስ ትዕቢት፣ አንድ ሙሉ ትምህርት አዘጋጅተው በሆዳቸው ይዘው ነበር። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የሆስፒታሉ አምባር አሁንም በወንድማቸው አንጓ ላይ እንዳለ አዩ፤ ሰፍቶት ወደ ክርኑ ይንሸራተታል። ትምህርቱ ጠፋባቸው። እንዲህ ከስቶ የሚመጣ ሰው እንዴት ያናድዳል፤ ሰው በወጉ እንኳ እንዳይጣላው ያደርጋል።

"አልቆጣም" አሉ አድሚራሉ። "ማን እንደሆነም አልጠይቅም። ስንት ስንት እንደሰጣችሁ ብቻ ንገሩኝ። ልኩን ልያዘው።"

ባለቤታቸው ክር በመርፌ ሊያሾልኩ አንገታቸውን ደፉ። እህትየዋ እሳት ላይ የጣደችው ነገር ትዝ አላት። መምህሩ ብልቃጡን አስቀምጠው መነጽራቸውን ይጠርጉ ጀመር። ልኩ ቢነገር የሚሆነውን ያውቁታል። አድሚራሉ ይመዝኑታል፤ ለመሣሪያው ይሰጡታል፤ መሣሪያው ሳያጓድል ይጥለዋል፤ በዚያ ቤት የሦስት ሰው እጅ ሥራ ይፈታል።

አድሚራሉ ዛሬም ድረስ ይጠይቃሉ። በምሳ ላይ ይጠይቃሉ፣ በደጅ ሲቀመጡ ይጠይቃሉ፤ አሁን አሁንማ፣ ያ ዕድሜውን ሙሉ በጠብታ የኖረ ሰው፣ ግምቱም ይበቃኛል እስከማለት ደርሰዋል። ሦስቱም በደንብ ይሰሟቸዋል። እስካሁን የነገራቸው የለም።