የተቆፈረውን ሸፍን

[ሲያትል፣ 1996 እ.ኤ.አ.፤ ሰኞ ጠዋት። በባሕሩ ዳርቻ፣ የጥንት ሰፈር የሚቆፈርበት ግቢ። ሁለቱ ዘበኞች፣ የቀድሞው ሃምሳ አለቃ መንግሥቴና በዲቪ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ሕዝቅኤል፣ ተፋጠዋል።]

መንግሥቴ፦ አንተ ሰውዬ፣ ጭንቅላትህን ኤርፖርት ጥለህ ነው የመጣኸው? ዓርብ ምን ብዬ አዘዝኩህ?

ሕዝቅኤል፦ «የተቆፈረውን በመረቡ ሸፍን» አሉኝ፤ ሸፈንኩ።

መንግሥቴ፦ ታዲያ ጉድጓዱ ራቁቱን አድሮ የአፈር ክምሩ ለምን ለበሰ?

ሕዝቅኤል፦ የተቆፈረው አፈሩ አይደል ጋሼ? ጉድጓዱማ የቀረው ነው።

መንግሥቴ፦ ወይ መዓቴ! ይሄ እኮ የወታደር መረብ ነው! ኦጋዴን ላይ ስንት ታንክ ሸሽጌበታለሁ!

ሕዝቅኤል፦ ጠላት አላገኘውም?

መንግሥቴ፦ ምን ጠላት? እኛው ራሳችን ሦስት ቀን ፈለግነው!

ሕዝቅኤል፦ እዚህ ግን ዙሪያው ሲሚንቶ ነው። አረንጓዴው እሱ ብቻ ሆኖ ከአውቶቡስ ውስጥ ይታያል።

መንግሥቴ፦ ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ! [ወደ ክምሩ ዞሮ ክው አለ።] መረቡን ማን ቀደደው?

ሕዝቅኤል፦ ልነግርዎ ስል አላስወራ አሉኝ። ሌቦች ገብተዋል፤ እሑድ ተረኛ ሆኜ ስገባ ተቀዶ አገኘሁት። ቅዳሜ ክምሩን ሲበረብሩ ውለው ጉድጓዱ ጋ ዝር አላሉም።

መንግሥቴ፦ አለቀልን! ፕሮፌሰሯ መጣች። ዝም በል፤ በዚያ እንግሊዝኛህ እንዳታዋርደኝ። ኦኬ?

[የቁፋሮው ኃላፊ ሚሪያም ገባች። የተበረበረውን ክምር አየች፤ ሮጣ ጉድጓዱ እንዳልተነካ አየች። ከዚህ በኋላ እሷና መንግሥቴ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው።]

ሚሪያም፦ መረቡን እዚህ ያለበሰው ማነው?

መንግሥቴ፦ [ተሽቀዳድሞ] እሱ ነው! ብቻውን! እኔ ጫፉንም አልነካሁ!

ሚሪያም፦ ጎበዝ! ሌቦቹን አፈር አስጋጣቸው፤ ጉድጓዱን አተረፈልን! [ሕዝቅኤልን አቀፈችው። ሕዝቅኤል እየተባረረ መስሎት ዓይኑን ጨፈነ።]

መንግሥቴ፦ [መሐላቸው ገብቶ] ማለቴ... ሐሳቡ የእኔ ነው።

ሚሪያም፦ አልነካሁም አላልክም?

መንግሥቴ፦ በምን እጄ ልንካ? ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ሰርግ ላይ ነበርኩ!

[መንግሥቴ ያወጣውን ቃል መልሶ ሊውጠው ከጀለ።]

ሚሪያም፦ ቅዳሜ እኮ ፈረቃው የአንተ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የዘበኞቹ አለቃ እሱ ነው። ተርጉምለት። [ሄደች።]

ሕዝቅኤል፦ ጋሼ፣ ምን አለች? አባረረችኝ?

መንግሥቴ፦ [ቆቡን አውልቆ] ኧረ... ይቀመጡ ብላለች፤ እርስዎ።