ለቀን እንቅልፍ የሚሆን ቅዱስ

በከተማችን የራሴ የሚለው ታቦት የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ከአስኮ የሚመጣው ሚኒባስ መስታወቱ ላይ ገብርኤልን ለጥፎ ነው ቀይ መብራት የሚጥሰው። የሰፈራችን ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ደብተር ሳይገልጥ ከርሞ የፈተናው ዕለት ኡራኤልን ይማጸናል። ጎረቤቴ ደግሞ የሚደግፈው ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሲያገኝ ከሥላሴ ጀምሮ እስከ መድኃኔዓለም አንድም ሳይዘል ይጠራል፤ ምስኪኑ በረኛ ስንት ሆነው እንደመጡበት አያውቅም። ታዲያ ሰው ሁሉ ለሚወደው ነገር ጠባቂ ካለው ለእኔስ? እኔ የምወደው የቀን እንቅልፍ ነው።

አትሳቁ! ሌላው ኳስ ይወዳል፣ ሌላው ዳማ ይጫወታል፤ እኔ እተኛለሁ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ከእንግዲህ ምን ልትሠራ አስበሃል ቢሉኝ፣ ያለ አንዳች ሀፍረት "ልተኛ" አልኳቸው። ምሳ በልቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ቆርቆሮው ላይ የምትረማመደውን ድመት እየሰሙ ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት! መንግሥት ለጡረተኛ ከዚህ የበለጠ ምን ሊያደርግለት ይችላል?

መንግሥትስ ፈቅዶልኝ ነበር፤ ያልፈቀደችው ባለቤቴ ጥሩነሽ ናት። እሷ ዘንድ ጤነኛ ሰው በቀን ጋደም የሚለው በዓል ሲሆን ብቻ ነው። ገና ጋቢውን ስስብ በርሜሉ ይታጠባል፣ አጥሩ ይጠገናል፣ ሽንኩርት ይላጣል። እሷ ራሷ ሚካኤልን፣ ማርያምንና መድኃኔዓለምን ታከብራለች፤ በእነዚያ ቀናት ዕቃ አታጥብም፣ ልብስ አትነካም። ታዲያ የእሷን ሥራ ማን የሚሠራው ይመስላችኋል? የእሷ በዓል ለእኔ ድርብ የሥራ ቀን ነው። አብረን እናክብር ብያት ነበር፤ ማርያምን ለስንፍናህ መጋረጃ አታድርጋት ብላ አሳፈረችኝ። በመጨረሻ ግን ተዋዋልን። እኔም እንደ ሰው የራሴን ቅዱስ ይዤ፣ ማኅበር ገብቼ፣ ቀኑን በወጉ ካከበርኩ በዚያን ዕለት አትነካኝም። በወር አንድ ቀን ናት፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውርጄ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ምርጫውን ጀመርኩ። ልብ በሉ፤ ቀልድ አይደለም፣ ሰውየው ለሙያው የሚስማማ መሆን አለበት። ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ቆመው የጸለዩ ናቸው፤ እኔ ቆሜ ካልሲ እንኳ ማጥለቅ አልችልም። ያሬድ እግሩን ጦር ሲወጋው ዜማውን ያላቋረጠ ነው፤ እኔ ዝንብ ካረፈችብኝ ዕለቱ ተበላሸ። አቡነ አረጋዊ ዘንዶ ተሸክሟቸው ወደ ተራራው መውጣታቸው፣ ማለትም በእግራቸው አለመድከማቸው ትንሽ ልቤን ማርኮት ነበር፤ ዘንዶውን ሳስበው ግን እንቅልፌ ጠፋ። ወገኖቼ፣ የእኛ ቅዱሳን እንዴት ያሉ ትጉሃን ናቸው! አንድ እንኳ ትንሽ ጋደም ያለ የለም?

አለ። በእሑዱ ስብከት መቋሚያዬን ተደግፌ ዓይኔን ገርበብ እንዳደረግሁ የንስሐ አባታችን መምሬ ገብረ ሥላሴ ስለ ጻድቁ ዮሴፍ ሲናገሩ ሰማሁ። በተኛበት መልአክ በሕልሙ ታየው አሉ። ዓይኔ በራ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ ዳግመኛም በተኛ ጊዜ መልአኩ ታየው አሉ። አቤት ደስታዬ! ትልልቁ ትእዛዝ ሁሉ የመጣለት ተኝቶ እኮ ነው! ይህን የመሰለ ቅዱስ በማግኘቴ ልቤ ዐረፈና የስብከቱን ቀሪ ክፍል እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስንወጣ መምሬን አስቁሜ "አባቴ፣ የዮሴፍ ማኅበር በዚህ በኛ በኩል ይኖር ይሆን?" አልኳቸው። በወር በወር በሃያ ስድስት የሚጠጣ የአናጢዎች ማኅበር አለ፣ እሳቸው ናቸው የሚባርኩት፤ ግን አንተ መቼ ምስማር መተህ ታውቃለህ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔ በሌላ በኩል ነው የምቀርበው አልኳቸው። ዮሴፍ አናጢ መሆኑን ፈጽሞ ረስቼው ነበር።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩት ጋሽ ደምሴ ናቸው። አልጋ ሠሪ! ይህንንም እንደ ምልክት ቆጠርኩት። የመጀመሪያዬ ቀን ዓለም ባንክ ሰፈር እሳቸው ቤት ተሰበሰብን፤ ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ሽሮው ቀረበ። እኔን የመሰለ ሰው ግን ራሳቸው ጋሽ ደምሴ በሠሩት፣ ከሁሉ በሚመች ሶፋ ላይ፣ በሰባት ሰዓት ተኩል ማስቀመጥ የማን ጥፋት ነው? መምሬ የዮሴፍን ታሪክ ማንበብ ጀመሩ። በተኛበት መልአክ ታየው የሚለውን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው ከሌሎች አፍ ነው።

ለካስ ማኅበሩ አንድ ጉዳይ ነበረው። አናጢ ማለዳ ሥራ ስለሚገባ በየወሩ በሃያ ስድስት ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ኪዳን አድርሶ ነው ወደ ሥራው የሚሄደው። አባላቱን በየቤቱ እየዞረ የሚቀሰቅሰው ሰው ደግሞ አካባቢውን ለቆ ስለሄደ ምትክ ያስፈልጋል። ጋሽ ደምሴ ጡረተኛ መሆኔን አስበው "አቶ ታደሰ፣ እርስዎ ቢሆኑልንስ?" ይሉኛል። አንገቴን ደፋ ቀና አደረግሁ። በየወሩ ነው፣ እንዳይከብድዎት ይሉኛል። አሁንም ደፋ ቀና። ለአንድ ዓመት ወይስ እስከ መጨረሻው ሲሉኝ ግን አገጬ ደረቴን እስኪነካ ድረስ ወደታች አልኩ። እልልታው ቀሰቀሰኝ። እኔም ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ሞቅ አድርጌ አጨበጨብኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከአንገት የወጣውንስ ምን ይሉታል? ነገሩ ሲገባኝ ተነሥቼ፣ ኧረ በእመቤታችን እኔ ተኝቼ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም ብዬ ለመንኩ። ሁሉም ወደ መምሬ ዞሩ። መምሬ መጽሐፋቸውን በእርጋታ አጥፈው፣ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው፣ "ዮሴፍስ ትእዛዙን የተቀበለው ተኝቶ አይደል?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ቀጠሉናም፣ ለመሆኑ በተኛ ቁጥር መልአኩ ምን እንደሚለው ታውቃለህ ብለው ጠየቁኝ። እንዴት ልወቅ? ሁለት ጊዜ ተነግሮኝ ሁለቴም ተኝቻለሁ።

"'ተነሥ!' ነው የሚለው፤" አሉ መምሬ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እነሆ ከዚያ ወር ጀምሮ ሃያ ስድስት በገባ ቁጥር ከንጋቱ በፊት በአሥር ሰዓት ተነሥቼ፣ መቋሚያዬን ለውሻ ይዤ፣ የኮልፌን አናጢዎች ከሞቀ አልጋቸው አስነሣለሁ። ደጃፍ ባንኳኳሁ ቁጥር ከውስጥ የሚሰማው ማንኮራፋት እንዴት እንደሚያስቀናኝ ዮሴፍ ይፍረድ። ስመለስ እንደ ውላችን ጎኔን አሳርፋለሁ እንዳልል የእሷ ሥራ ይጠብቀኛል፤ ጥሩነሽ ዘንድሮ አንድ በዓል ጨምራለችና።

ያለፈው ሃያ ስድስት ዕለት በጨለማ ጫማዬን ስፈልግ ወንበር አጋጭቼ ኖሮ፣ ጥሩነሽ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሳትወጣ እንዲህ አለችኝ፦

"በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው እንጂ፤ ዛሬ እኮ በዓል ነው!"