ለአዲስ ገቢ ገመድ የማያስነኩት ወይዘሮ በለጡ

በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ገቢን ከሰማይ የሚያወርድ አንድ ሰው አይጠፋም። ጫማውን አስወልውሎ፣ ዲፕሎማውን ታቅፎ የመጣውን ሁሉ በፈገግታ ተቀብሎ መወልወያ የሚያስጨብጥ። የሐረር ስልክ ቤታችን ደግሞ የእነዚህን ሰዎች አውራ አግኝቶ ነበር፤ ክብርት ወይዘሮ በለጡን፣ የኦፕሬተሮች አለቃ፣ የገመዶች ሁሉ እመቤት።

እኔ ሐዲያ ያዕቁብ በ1957 ዓ.ም. ስቀጠር፣ አዲስ አበባ ስድስት ወር ሠልጥኜ መምጣቴ ነው። እናቴ ለጀጎል ሴቶች ሁሉ "ልጄ ከአስመራ ጋር ልታወራ ነው!" ብላ አውርታ ጨርሳለች። በመጀመሪያው ቀን ገመድ እየተሰካ መስመር ከሚገናኝበት ሰሌዳ ፊት ልቀመጥ ስል ወይዘሮ በለጡ አንድ ወፍራም መዝገብ አስታቀፉኝ።

"መቶ አሥራ ሁለት ደንበኛ አለን። በየቤቱ ሄደሽ በስንት ሰዓት እንደሚገኙ፣ ሲታጡም የት እንደሚፈለጉ ጽፈሽ ነይ።"

"ገመዱንስ መቼ ነው የምይዘው?"

"ሰዎቹን ስትይዢ።"

ሌላ ማብራሪያ የለም። ከእኔ በፊት የተቀጠረው እንደሻው ጠረጴዛ የሚሰጡት መስሎት ከረባት አስሮ ቢመጣ፣ ከነከረባቱ የስልክ ምሰሶ ሲቆጥር ከረመ። ሙሉጌታ የሚባለውማ በሦስተኛው ቀን ተናዶ ጥሎ ሲወጣ፣ "በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው፤ ሰው እያወራ ነው" አሉት አሉ።

ሁለት ወር ሙሉ ከሸዋ በር እስከ ጊደር መጋላ ተንከራተትኩ። ጎረቤቱ "ሐዲያ ተላላኪ ሆነች እንዴ?" ይል ጀመር። ጨርቅ ነጋዴው አባቴ አንድ ሰኞ ታገሠ ታገሠና፣ "የሰው በር እንድታንኳኪ አይደለም ያስተማርኩሽ። ዓርብ ትለቂያለሽ" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልከፋኝ። በማግስቱ ለሥራ ባልደረባዬ ለገላነሽ ነገርኳትና የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጻፍኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ሰሌዳውን ስወለውል ቡና ነጋዴው ዐብዱልገኒ ደወሉ። ሚስታቸው ዘቢባ ምጥ ላይ ናት፤ ደሙ አልቆም ብሏል። ገላነሽ ሐኪሙ ቤት ደጋግማ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። ሆስፒታሉም "ወጥተዋል" አለ። ዐብዱልገኒ በስልኩ ውስጥ "ያ አላህ! ያ አላህ!" ይላሉ።

"ሐኪሙ ሐሙስ ሐሙስ አቶ ሀብተወልድ ቤት ዳማ ይጫወታሉ!" ብዬ ጮህኩ። "አርባ ሰባት ላይ ሰኪ!"

ሰካች። ሐኪሙ እዚያው ነበሩ፤ ጨዋታውን ጥለው ሮጡ። አመሻሽ ላይ ዐብዱልገኒ እንደገና ደወሉ፤ እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ገላነሽ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም ምስጋና ፍለጋ ወደ አለቃዬ ዞርኩ። ወይዘሮ በለጡ ወንበር ሳቡና፣ "ተቀመጪ፤ ድሬዳዋ ትጠራለች" አሉኝ።

ዓርብ ነጋ። አባቴ ስለ መልቀቄ ምንም ሳይል ቁርሱን ይበላል።

"አባዬ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።"

"ወይዘሮ በለጡ ረቡዕ ሱቄ መጥተው ነበር።"

ገላነሽ ነግራቸው ኖሯል፤ ስልክ ቤት ምን ይደበቃል! ግን ረቡዕ? ገና ዘቢባ ምጥ ሳይዛት?

"'ልጅዎ ነገ ከነገ ወዲያ ቦታዬን የምትይዝ ናት' አሉኝ። 'ለአዲስ ሠራተኛ ሥራውን አስቀድሞ ማስረዳት አልችልበትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በእሷ አይፍረዱባት' ብለው ለመኑኝ። ወላሂ፣ ይቀመጡ ብላቸው እንኳ እምቢ አሉ፤ ቆመው ነው የለመኑኝ።"

ስልክ ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ወይዘሮ በለጡ መነጽራቸውን ሰክተው ይጽፋሉ። ጉልበታቸውን ልስም ከእግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። እሳቸውም ቀና ሳይሉ፣

"ምን ወድቆብሽ ነው?" አሉኝ።