የለሊሴን ፈተና የመረጠው ኮሚቴ

አምቦ ያለው መሥሪያ ቤታችን ከሌሎች የሚለይበት አንድ ታላቅነት አለው፤ እኛ ዘንድ ማንም ሰው ብቻውን አይሳሳትም። በኮሚቴ ነው።

የአፈር ባለሙያችን ለሊሴ ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ እንድትማር አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት፤ ወጪዋንም ቻለላት። የቀራት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ወስዳ ውጤቷን መላክ ብቻ ነበር። ይህንኑ ለኃላፊያችን ለኦቦ ለሜሳ ነገረቻቸው። ስህተቷ እሱ ነበር።

«የትኛውን ነው የምትፈተኚው?»

«አይኤልትስም፣ ቶፍልም፣ ዱኦሊንጎም ይሆናል ብለዋል። ቀኑ የቀረበውን እወስዳለሁ።»

«ሁሉም ይሆናል ብሎ ነገር ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ለሜሳ መነጽራቸውን አውልቀው። «ይሄ አቋም የሌለው ዩኒቨርሲቲ ነው። እኛ ግን አቋም አለን። ይጠናል!»

ኮሚቴው በማግስቱ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ራሳቸው፣ ጸሐፊው የሰው ሀብቱ አቶ እንግዳወርቅ፣ አባሏ የግዥዋ ወይዘሮ ዲቦራ። ከፈተናዎቹ አንዱንም ተፈትነው ስለማያውቁ ገለልተኝነታቸው ጥያቄ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ለሊሴ ግን እንዳትሰበሰብ ተከለከለች። ጉዳዩ የራሷ ነዋ! የጥቅም ግጭት አለባት።

ውይይቱ ጥልቅ ነበር።

«ዱኦሊንጎ እቤት ቁጭ ብሎ የሚፈተኑት ነው አሉ» አሉ አቶ እንግዳወርቅ። «እቤት? ነጠላ ጫማ አድርጎ? የመንግሥት ሠራተኛ ናት እኮ!»

«ቶፍል ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ነው የሚያስወራው» አሉ ወይዘሮ ዲቦራ። «ደህና አደርሽ ከማይል ነገር ጋር ምን ይወራል?»

«አይኤልትስስ?»

«እሱ እንኳ ፊት ለፊት ከሰው ጋር ነው።»

ኦቦ ለሜሳ ተከዙ። «ሰውየው ተሳሳትሽ ቢላትስ? የመሥሪያ ቤቱ ስም ምን ይሆናል?»

ቢሮ ውስጥ ሐሳብ አልፈልቅ ስላለ ኮሚቴው ሐሮ ወንጪ ሄዶ ሐይቁ ዳር እንዲመክር ተወሰነ። ሄደ። በጀልባ ተንሸራሸረ። ዝናብ መጣና አጀንዳው ሳይከፈት ተመለሰ። ጉዞው ግን አመርቂ ነበር፤ እኛ አመርቂ ያልሆነ ጉዞ ሄደን አናውቅም።

ለሊሴ ውጤት የመላኪያው ጊዜ እየጠበበ ሲመጣባት ምግብ አልበላ አላት። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ለማንም ሳትናገር አዲስ አበባ ሄደች፤ ቀድሞ የተገኘላትን ፈተና ተፈተነች። ከሚፈለገው በላይ አመጣች። ውጤቱን እንዳየች እየሮጠች ስብሰባው መሐል ገባች።

«አለፍኩ!»

ኮሚቴው ክው አለ።

«ምኑን ነው ያለፍሽው?» አሉ ኦቦ ለሜሳ በሐዘን። «ገና አልተመረጠም እኮ!»

ውጤቱ ከውሳኔው ቀድሞ በመድረሱ ታግዶ እንዲቆይ፣ የትምህርት ፈቃዷም አብሮ እንዲጠና ኮሚቴው እዚያው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ለሊሴ እንደቆመች ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያን ጊዜ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ከዩኒቨርሲቲው ነበር፤ አሠሪዋ እንድትሄድ መፍቀዱን ከራሱ አፍ ሊሰሙ ፈልገው።

ኦቦ ለሜሳ «ሄሎ! አካም?» አሉ፤ ትንሽ አዳመጡ፤ ላብ አጠመቃቸውና ስልኩን ለአቶ እንግዳወርቅ አቀበሉ። አቶ እንግዳወርቅ «የስ፣ የስ» ብለው ለወይዘሮ ዲቦራ አሳለፉ። ወይዘሮ ዲቦራ ጉሮሯቸውን እንደሚያማቸው በእጃቸው አሳይተው ለለሊሴ ሰጧት።

«ምንድን ነው የሚሉት?» ኦቦ ለሜሳ አንሾካሾኩ።

«ፈቅዳችሁላታል ወይ ነው የሚሉት።»

ኦቦ ለሜሳ ብድግ ብለው ኮታቸውን ቆለፉ። «እንዲህ በያቸው፦ ጉዳዩ ከመሥሪያ ቤታችን ስትራቴጂክ ዕቅድ አኳያ በሚመለከተው ኮሚቴ በጥልቀት እየተጠና ስለሆነ፣ አቅጣጫ እስኪቀመጥ ድረስ መፍቀድም መከልከልም አይቻልም!»

ለሊሴ እንባዋን ጠረገች። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ «በደስታ ፈቅደዋል» አለቻቸውና ዘጋችው።

ኮሚቴው አጨበጨበ።

«እንግሊዝኛ ማለት ይሄ ነው!» አሉ ኦቦ ለሜሳ ዙሪያቸውን በኩራት እያዩ። «እኔ ያን ሁሉ የደከምኩበትን በሁለት ቃል ጨረሰችው!»