ኳስ የሚያስረዱት አማች

በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ አንድ አስረጂ አለ። አይቀርም። ሐኪም ፊት ስለ ጉበት፣ አናጺ ፊት ስለ ምስማር የሚያስረዳ፣ ባለሙያው አፉን ሲከፍት «ቆይ፣ አልጨረስኩም» ብሎ መዳፉን የሚዘረጋ ሰው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስንኖር እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስቀጣ አንድ ሕግ እንኳ አለመውጣቱ ያሳፍራል።

የአንድ የእግር ኳስ መስመር ዳኛ ዕጣ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። እህቱን ሊጠይቅ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ፣ የእህቱ ባል፣ ክቡር ሊቀ አስረጂ፣ በር ላይ ተቀበሉትና ሻንጣውን ከእጁ እየወሰዱ ሻንጣ እንዴት እንደሚያዝ አስረዱት። በማግስቱ መታጠቢያ ቤት ድረስ ተከትለውት ገቡ። «ቀዩ ሙቅ ነው፣ ሰማያዊው ቀዝቃዛ። ይገባሃል አይደል?» ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው እንዲህ የሚባለው! እንግዳ ነውና ቻለው። እራት ላይ ስለ ሥራው ትንሽ ሊያወራ ሞክሮ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መስመር...» ከማለቱ መዳፋቸው ተዘረጋ። «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉና ሾርባ ለምን በማንኪያ እንደሚጠጣ ወደ ማስረዳቱ ተመለሱ።

እሁድ ከሰዓት ወደ ሰፈሩ ሜዳ ወሰዱት፤ እህቱም አብራ ሄደች። ሜዳው ከዳቦ ፋብሪካ ጀርባ ነው። በአንዱ ወገን አራት ረድፍ የእንጨት አግዳሚ አለ፣ በሌላው ወገን የፋብሪካው አጥር። ሊቀ አስረጂው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል፤ እንጨቱ በሳቸው ልክ ጎድጉዷል ቢባል ማጋነን አይደለም። የዕለቱ ጨዋታ የዓመቱ የመጨረሻ ነበር። የሰፈሩ ቡድን ካሸነፈ ይተርፋል፤ አቻ ከወጣ ግን ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳል። ሰውየው በጭንቀት ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ማስረዳቱን ግን አልጾሙም።

«ቢጫ የለበሱት የኛ ናቸው። ያ ጓንት ያደረገው በረኛ ይባላል፤ ኳስ በእጁ መያዝ የሚፈቀድለት እሱ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ያ ባንዲራ ይዞ የሚሮጠው ደግሞ የመስመር ዳኛ ነው። ዋና ሥራው ሰው ማናደድ ነው።»

የእንግዳው ደም ፈላ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። ኦፍሳይድ! ልብ ብለህ ስማ። ኳሷ አጥቂው እግር ላይ ስትደርስ በሱና በበረኛው መሀል ተከላካይ ካለ ጨዋታው ይቀጥላል። ከሌለ ኦፍሳይድ። አለቀ።»

ስህተት! ዓይን ያወጣ ስህተት! የሚታየው ኳሷ ከአቀባዩ እግር ስትነሳ እንጂ አጥቂው ጋ ስትደርስ አይደለም። ያቺን አንዲት ቅጽበት ለመያዝ የመስመር ዳኛው ሃያ ሁለት ዓመት ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበታል፤ የብርቱካን ልጣጭ ተወርውሮበታል፣ አንድ ጊዜማ ጫማ፣ ያውም የግራው ብቻ። ሊናገር ሲል እህቱ ክንዱን ቆንጠጥ አደረገችው።

«ተወው የኔ ወንድም፣ ዛሬ ቀኑ ከብዶታል።»

ጥርሱን እያፋጨ ተወ።

በእረፍት ሰዓት የወዲህኛው የመስመር ዳኛ ባቱን ይዞ እያነከሰ ወጣ። ድምፅ ማጉያው በአገሬው ቋንቋ አንድ ነገር አለ። ሊቀ አስረጂው ብድግ ብለው ወደ እንግዳቸው እየጠቆሙ ተናገሩ፤ ረድፉ በሙሉ ሳቀ።

«ምን አሉ?» አለ እንግዳው።

እህቱ ሳቋን እየዋጠች፣ «ምትክ የሚሆን ሰው እየፈለጉ ነው። ‹እሱ ይችላል፤ አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ አስረድቼዋለሁ› አላቸው» አለችው።

የተጋጣሚዎቹ አሰልጣኝ «እንግዳ ነው፣ ወገን የለውም» ብሎ ተስማማ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ከኛ ጋር ነው የተቀመጠው» ብሎ ተስማማ። እንግዳው የመስመር ዳኛ እንደ ጀማሪ፣ በእህቱ ባል ዋስትና ባንዲራ ተቀበለ።

ዘጠናኛው ደቂቃ ደረሰ። አሁንም ዜሮ ለዜሮ ናቸው። ከመሀል ሜዳ አንድ ረጅም ኳስ ተላከች። ኳሷ ስትነሳ ቢጫ ለባሹ አጥቂ ከመጨረሻው ተከላካይ አንድ ሙሉ እርምጃ አልፎ ነበር። ኳሷ ስትደርሰው ግን ተከላካዩ ሮጦ ከፊቱ ደርሷል። አጥቂው አታለለው፣ መታ፣ ጎል! አግዳሚው በጩኸት ተናወጠ፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቀፈ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አነሳ።

ጎሉ ተሻረ። ከኋላው የመጣውን ውርጅብኝ ለመረዳት ቋንቋ ማወቅ አላስፈለገውም፤ የስድብ ዜማው የትም አንድ ነው። የመስመር ዳኛ ደግሞ ወደ ተመልካች አይዞርም። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ዞሮ አያውቅም። ግን የሚያውቀው አንድ ድምፅ ከሁሉም በላይ ሲጮኽ ሰማ። «እሳቸውም? አሁንስ በዛ!» ብሎ ዞረ።

ሊቀ አስረጂው አግዳሚው ላይ ቆመዋል። ጀርባቸውን የሰጡት ለእሱ፣ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ጎረቤቶቻቸው ነው። ጣታቸውን እየቀሰሩ፣ የአንገታቸው ደም ሥር እስኪገተር ይጮኻሉ። እህቱ ወደ መስመሩ ጠጋ አለችና፣ «‹ዝም በሉ! ሃያ ሁለት ዓመት መስመር ይዟል! እሱ ኦፍሳይድ ካለ ኦፍሳይድ ነው፤ እናንተ ምን ታውቃላችሁ!› እያላቸው ነው» አለችው።

ሰምተውታል ለካ። በሾርባው መሀል ሰምተውታል።

ቡድኑ ወረደ። ሲወጡ ለሊቀ አስረጂው ሰላም ያላቸው አልነበረም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገባቸው የተቀመጠው ጫማ ሰፊ እንኳ አንገቱን ደፍቶ አለፋቸው። ሦስቱም በእግራቸው ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። ሰውየው ዝም አሉ። አንድ መንገድ አለፈ፣ ሁለት መንገድ አለፈ። የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆኖ አረንጓዴ ሲሆን እንኳ ምንም አላስረዱም። ይህ ያስፈራል። የመስመር ዳኛው ሳምንቱን ሙሉ የተመኘው ዝምታ ይኸው መጣለት፣ ሊሸከመው ግን አልቻለም። እኚህን ሰው ወዷቸው ኖሯል፤ ይህም ራሱን አናደደው።

«ጋሼ፣» አለ በመጨረሻ፣ «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የማዕዘን ምት ግን ለምንድን ነው ከማዕዘን የሚመታው?»

ሊቀ አስረጂው ቆም ብለው አዩት። ዓይናቸው ቀልቷል። ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ክንዱን ያዙትና ጀመሩ።

ቤት እስኪደርሱ ሦስት ስህተት ሠሩ። የመስመር ዳኛው ሦስቱንም እያየ እጁን አላነሳም።